የድልድዩ ከተማ በር

የእታለም ሥራ ሰው ማስታረቅ ነበር። በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጎረቤት አገርን የሚመለከት ነገር ሁሉ በእሷ ጠረጴዛ ላይ ያልፋል። የሥራ መደቧ ስም ረጅም ስለሆነ ማንም አፉን አያደክምም፤ የአደራዳሪው አምባሳደር ምክትል ናትና ሁሉም «ምክትሏ» ይላታል። «እታለም» ብሎ የሰየማት ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ገና አፉን ሲፈታ። ከዚያ እናቷም ተቀበለች፣ ጎረቤቱም ተቀበለ፣ እታለም ሆና ቀረች።

እሷ ደግሞ ወንድሟን «ትንሹ» ትለዋለች። ትንሹ አሁን አርባን የተሻገረ፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል፣ ትከሻው ላይ የሻለቃነት ማዕረግ ያረፈበት ሰው ነው። አንድ ጊዜ «ትንሹ፣ በልተሃል ወይ? ካልሲህንስ ቀይረሃል?» እያለች በስልክ ስታወራ የሰማች አዲስ ጸሐፊ ልጇ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ ጠይቃታለች። እታለም ሳቋን ዋጥ አድርጋ ክፍሉን እንደጨረሰና አሁን ወታደር እንደሚያዝ ነገረቻት።

አባታቸው ያረፈው ትንሹ ገና ሲድህ ነው። እናታቸው በሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ትሠራ ስለነበር ጎህ ሳይቀድ ወጥታ ለዐይን ያዝ ሲያደርግ ትመለሳለች። ስለዚህ ትንሹን አዝላ ያሳደገችው፣ ፊደል ያስቆጠረችው፣ ሲያጠፋ የቆነጠጠችው፣ ከቆነጠጠችውም በኋላ አብራው ያለቀሰችው እታለም ናት። አድጎ ወታደር ልሁን ባለ ጊዜ እናታቸው «በሬሳዬ ላይ ተራምደህ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሁለቱን ያስማማችው እታለም ነበረች። ዘመኑ የሰላም ነው፣ ይማርበታል፣ የኛ ጦር እኮ ሊገላግል እንጂ ሊገድል አይሄድም ብላ እናቷን አሳመነች። የመጀመሪያ ድርድሯ እሱ ነበር ማለት ይቻላል፤ ተሳካላት።

የኛ ጦር ሊገላግል ነው የሚሄደው ማለቷ እንዲያው ለማባበል አልነበረም። አገሯ ሀብታም አገር አይደለችም፤ መንገዷ ጎድጓዳ፣ ካዝናዋ ቀዳዳ ነው። ነገር ግን ጎረቤቶቿ በተጣሉ ቁጥር ሁለቱም ወገን መጥቶ እሷ ዘንድ ይቀመጣል። ወታደሮቿ ሰው አገር ሄደው ሲቆሙ አይዘርፉም፣ አያዳሉም ይባልላቸዋል። የጎረቤት መኮንኖች በጦር ኮሌጇ ተምረው ይመለሳሉ። ይህ ስም የመጣው ጥርሳቸውን ነክሰው ከሁለት ወገን ስድብ በጠጡ ሽማግሌዎች ትዕግሥት ነው፤ እታለም ደግሞ የእነሱ ደቀ መዝሙር ነበረችና በዚህ ስም ሰው በልጁ እንደሚኮራ ትኮራበት ነበር።

ጎረቤት አገር ውስጥ መንግሥትና አማጽያን መተላለቅ ከጀመሩ ቆይተዋል። አንድ ትልቅ ወንዝ መሃል ለመሃል ይለያቸዋል፤ ወንዙን የሚያሻግር ደህና ድልድይ አንድ ብቻ ነው፣ ድልድዩ ያለባትን ከተማ የያዘ ደግሞ የሌላውን ጉሮሮ ያዘ ማለት ነው። የእታለም አገር ድልድዩን የሚጠብቅ ሰላም አስከባሪ ልላክ ስትል ሁለቱም ተጠራጠሩ። መንግሥት የአማጽያኑ ተዋጊዎች ካምፑ ውስጥ ይደበቃሉ አለ፤ አማጽያኑም የመንግሥት ሰላዮች ይደበቃሉ አሉ። ነገሩ ተቋጥሮ ብዙ ከከረመ በኋላ ቋጠሮውን የፈታችው እታለም ናት። አንዲት አንቀጽ ጻፈች፤ ከሰላም አስከባሪው ጦር አባል በቀር ማንም ሰው ያለ ሁለቱ ወገን ፈቃድ ወደ ካምፑ አይገባም የምትል። ሁለቱም ፈረሙ። አምባሳደሩ ግንባሯን ሳሟት፤ ጦሩም ሄደ። የጦሩ አዛዥ ሆኖ የተመደበው ትንሹ ነበር። ምርጫው የእሷ አልነበረም፤ ስትሰማ ግን ልቧ ቅር እያለውም ደስ ብሏት ነበር።

ሰላም አስከባሪው ድልድዩ ላይ ስለቆመ ሁለቱ ወገኖች መነጋገር ጀመሩ። ከእታለም አገር ዋና ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ሆቴል ውስጥ፣ ወፍራም መጋረጃ ባለው አዳራሽ፣ ረጅም ጠረጴዛ ዘርግተው ፊት ለፊት ተቀመጡ። የመንግሥቱን ወገን የሚመሩት ጄኔራሉ ናቸው፤ በወጣትነታቸው በእታለም አገር ጦር ኮሌጅ ስለተማሩ ቋንቋውን እንደ አገሬው ይናገሩታል። የአማጽያኑ መሪ ደግሞ ዶክተሩ ናቸው። የከብት ሐኪም ነበሩ ይባላል፤ አምባሳደሩ ሲቀልዱ «ለዚህ ነው ሲናገሩ መርፌ የማይጠፋቸው» ይላሉ። ስድብ፣ ኩርፊያ፣ ጥሎ መውጣት፣ ተለምኖ መመለስ፣ ይህ ሁሉ አለፈና በመጨረሻ ስምምነቱ ተጻፈ። የቀረው ፊርማ ብቻ ሆነ።

ፊርማው በተቀጠረበት ዕለት ጠዋት እታለም አዳራሹ ውስጥ ቆማ ወንበር ታስተካክል ነበር። የጄኔራሉ ወንበር ከዶክተሩ ወንበር ከፍ እንዳይል ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ አስተናጋጁን እያስለካች ሳለ ስልኳ ጠራ። ትንሹ ነው።

ድምፁ ቀልጠፍ ያለ ነበር። ከንጋት ጀምሮ የመንግሥት ወገን የሆኑ ታጣቂዎች በፒክአፕ ተጭነው ወደ ላይኛው ሰፈር ገብተዋል፤ ቤት ለቤት እየገቡ አማጺ ትቀልባላችሁ የሚሉትን ሁሉ ይገድላሉ። ሕዝቡ ወደ ካምፑ እየሸሸ ነው። በሩ ፊት ለፊት ያለው ሜዳ ሞልቷል፤ የሚበዙት ሴቶችና ልጆች ናቸው፣ አንዳንዱ ፍራሹን እንደተሸከመ ነው። አገር ቤት ያለውን የበላይ አዛዡን ቢጠይቅ ከድርድሩ ቃል እስኪመጣ ጠብቅ ብሎታል።

«እታለም፣ እኔ በሩን...» ብሎ ሲጀምር አቋረጠችው።

«ቆይ ትንሹ። ምንም እንዳታደርግ። አምባሳደሩን ላነጋግርና እደውልልሃለሁ።»

አምባሳደሩ ክፍላቸው ውስጥ መስታወት ፊት ቆመው ከረባታቸውን እያሰሩ አገኘቻቸው። ስትነግራቸው እጃቸው ከረባቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ዕድሜ ልካቸውን ሲሸመግሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አንድ ነገር ሲከብዳቸው ጫማቸውን ያያሉ። አሁንም ጫማቸውን አዩ።

በሩ ከተከፈተ ጄኔራሉ ሻንጣቸውን እንደሚያነሱ ነገሯት። ውሉ ፈረሰ፣ አደራዳሪ የነበራችሁት ወገን ሆናችሁ ይላሉ፤ ሕጉም ከእሳቸው ጋር ነው። ፊርማው ከተፈረመ ግን ከሰዓት በኋላ በመላ አገሩ ተኩስ ይቆማል፤ የድልድዩ ከተማ ብቻ ሳትሆን በምዕራብ የተከበቡት፣ በረሃብ የተያዙት፣ ሁሉም እፎይ ይላሉ። «አንድ በር ከፍተን ስንቱን በር እንደምንዘጋ አስቢ» አሏት። አሰበች። ልክ ናቸው። ያ ነበር ክፋቱ፤ አምባሳደሩ ልክ ነበሩ።

«አንቺው ንገሪው» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ብነግረው ትእዛዝ ነው። አንቺ ስትነግሪው ግን ይሰማል።»

ደወለች። እስከ ከሰዓት ብቻ ቻለው አለችው፤ ከሰዓት ይፈረማል፣ ያኔ ሁሉም ያበቃል። ከኋላው የሚሰማት ድምፅ የገበያ ቀን ጫጫታ ይመስላል፤ ከመሃሉ አንድ ሕፃን ስልኩ አጠገብ ያለ ያህል ያለቅሳል።

«ሰማኸኝ?»

«እሺ እታለም» አለ።

ይህን እሺ ታውቀዋለች። ልጅ ሆኖ ቆንጥጣው እንባውን ወደ ውስጥ ሲመልስ የሚለው እሺ ነው። ስልኩ ከተዘጋም በኋላ ከጆሮዋ ሳታወርደው ቆየች።

ከዚያ በኋላ ሰዓቱ አልገፋ አለ። ጄኔራሉ ማን ቀድሞ ይፈርማል የሚል ጥያቄ አነሱ። ሁለቱም እኩል ይፈርሙ ተባለና ይህ ሲያልቅ ዶክተሩ «ቡድን» የሚለው ቃል «ንቅናቄ» ተብሎ ካልተተካ ብዕር አላነሳም አሉ። ቃሉ ይተካ ሲባል ጄኔራሉ አኮረፉ። አስተርጓሚዎቹ ላባቸውን ይጠርጋሉ። አስተናጋጆቹ ውኃ ያቀርባሉ፣ ያልተነካ ሰሃን ያነሳሉ። እታለም ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ትመላለሳለች፣ ፈገግ ትላለች፣ ትለማመጣለች። ሰው እየሞተ ስለ አንድ ቃል መከራከር በዚህ ሥራ አዲስ ነገር አይደለም። ሠርታበታለች፣ ትዕግሥት ብላ ጠርታዋለች። ዛሬ ግን እያንዳንዷ ደቂቃ ፊት እንዳላት ሆና ታየቻት።

ትንሹ እንደገና ደወለ። ፀሐዩ በርትቷል፤ ወታደሮቹ የራሳቸውን የውኃ ኮዳ በአጥሩ ሽቦ ላይ እየወረወሩ ነው። እናቶች ደግሞ ሕፃናቶቻቸውን በሽቦው አናት አሳልፈው ለወታደሮቹ ማቀበል ጀምረዋል። ማንም አላዘዛቸውም፤ አንዷ ጀመረች፣ ሌሎቹ ተከተሉ። ወታደሮቹም እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉ፤ እንዴት አይቀበሉ።

«ውሉ ማንም ሰው አይገባም ነው የሚለው» አላት። «እየጠየቅኩሽ ነው። ሕፃን ሰው ነው ወይስ አይደለም?»

እታለም በሆቴሉ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ነበረች፤ አጠገቧ እጅ የሚታጠብ ሰው አለ። ውኃው እስኪዘጋ ጠበቀች።

«ተቀበሉ» አለችው። «ሕፃናቱን ተቀበሉ።»

«እናቶቻቸውስ?»

ትንሽ ቀረው፣ በቃሉ ተስማምተዋል፣ ትንሽ ቀረው አለችው። ስልኩን ዘጋ። በኋላ እንደሰማችው በዚያ ጊዜ የካምፑ የመመገቢያ አዳራሽ ወለል ላይ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ስማቸውን ማንም የማያውቃቸው ሕፃናት በረድፍ ተኝተው ነበር። ወጥ ሠሪው በማንኪያ ውኃ ያጠጣቸው ነበር፤ ጢማም ወታደሮች አንድ አንድ ታቅፈው ይዞሩ ነበር። ከአጥሩ ውጭ ያለች እናት የልጇን ለቅሶ ከሌላው ለቅሶ ለይታ «ያ የኔ ነው፣ በሆዱ አስተኙት» ብላ ትጮህ ነበር አሉ።

ፊርማው ሊጀመር ነው ተባለ፤ ጋዜጠኞቹ ካሜራቸውን ተከሉ። ያኔ ነው ትንሹ ለሦስተኛ ጊዜ የደወለው። አሁን ድምፁ ዝርግ ነበር፣ ሪፖርት የሚያነብ ይመስል።

«ታጣቂዎቹ ካምፑ ፊት ለፊት ካለው ኮረብታ ሆነው ሕዝቡ ላይ እየተኮሱ ነው። በሩ ላይ የወደቁ አሉ። ሕዝቡ በሩን እየገፋ ነው፣ የፊተኞቹ ሽቦው ላይ ተጨፍልቀዋል። እኛ ከዚህ ሆነን እናያለን። ወታደሮቼ እኔን ያዩኛል። እታለም፣ ምን ልበላቸው?»

አንድ ደቂቃ ስጠኝ አለችው። ጄኔራሉ ከአዳራሹ ጎን ባለው በረንዳ ላይ ብቻቸውን ሲያጨሱ አየች። አስታራቂ ከአንዱ ወገን ጋር ለብቻ አይታይም፤ ይህን ደንብ ለወጣቶቹ የምታስተምረው ራሷ ናት። ሄደች፤ አጠገባቸው ቆመች። ወንድሜ እዚያ ነው አላለቻቸውም፤ ሴቶችና ልጆች እየተገደሉ ነው፣ ወደ ኮረብታው ይደውሉና ያስቁሙ ብላ ለመነቻቸው።

ጄኔራሉ ሲጋራቸውን አጠፉ። ፊታቸው ላይ የጠበቀችው ቁጣ ነበር፤ ያየችው ግን ድካም ነው።

«እዚያ ኮረብታ ላይ ያሉትን ማን እንደሚያዛቸው ታውቂያለሽ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ወረቀት ላይ» አሉ። «አዛዣቸው ወንድሙ ከተገደለበት ወዲህ የማንንም ቃል አይሰማም። ከትናንት ጀምሮ ስልኬን አላነሳም። ደግሜ ብደውል እንቢ ይለኛል። እንቢ መባሌ ከተሰማ ደግሞ ዛሬ ማን ሆኜ እፈርማለሁ? ለዚህ ነው የማልደውለው።»

«ፊርማውስ? ፊርማው አያስቆመውም?»

«ሌላውን ቦታ ያስቆመዋል። እግዜር ያሳይሽ፣ ብዙ ቦታ ያስቆማል። ያንን ኮረብታ ግን አያስቆምም።»

እታለም የበረንዳውን ብረት ያዘች። ታች በሆቴሉ ግቢ አትክልተኛው ሣር ያጠጣ ነበር።

«በሩ ቢከፈትስ?» አለች።

«ያኔ ተነሥቼ እወጣለሁ። ክፋት አይደለም። ቤት ያሉት ጌቶቼ እንድቀመጥ አይፈቅዱልኝም።» ከዚያ ዐይናቸውን ከእሷ አንሥተው ወደ ግቢው እያዩ፣ «እናንተ ጋ ስማር አንድ መምህር ነበሩን፤ አደራዳሪ አንጀት የለውም፣ ካለውም ቤቱ ትቶት ይመጣል ይሉን ነበር። ይህን ነገር አልነገርኩሽም» አሏት።

አዳራሹ ውስጥ አምባሳደሩ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው በዐይናቸው ይፈልጓት ነበር። በመስታወቱ አየቻቸው። ገብታ ልታማክራቸው ትችል ነበር። ግን ምን እንደሚሏት ታውቃለች፤ ልክ እንደሚሆኑም ታውቃለች። ፊቷን ወደ ደረጃው አዞረች፤ እየወረደች ደወለች።

«ክፈት» አለችው።

«ማን አዘዘ?»

«እኔ።»

«አምባሳደሩ ያውቃሉ?»

«ክፈተው አልኩህ ትንሹ!»

ስልኩን ሳይዘጋ ኪሱ ውስጥ የከተተው ይመስላል፣ ሁሉም ነገር በጨርቅ ውስጥ ሆኖ ይሰማት ጀመር። ሲጮህ ሰማችው። ሌሎች ድምፆች ትእዛዙን ሲቀባበሉት ሰማች። ብረት ሲንሻተት፣ ከዚያ ጎርፍ እንደሚገባ ያለ የእግርና የጩኸት ድምፅ፣ ከመሃሉም ተኩስ። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። አንድ የሆቴሉ ሠራተኛ አንሶላ ተሸክሞ ሲያልፍ አሟት እንደሆነ ጠየቃት፤ እጇን አንሥታ እንዲያልፍ አደረገችው። ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ እስኪቋረጥ ድረስ ሰማች።

ከዚያ ቀሚሷን አራግፋ ወደ አዳራሹ ገባች። ወደ አምባሳደሩ ጆሮ ጎንበስ ማለት ትችል ነበር፤ ነገር ግን ጄኔራሉ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብላ ቆማ በሁሉም ፊት ተናገረች። የካምፑ በር በእሷ ትእዛዝ ተከፍቷል፤ ሕዝቡ ገብቷል፤ አምባሳደሩ አያውቁም ነበር። አስተርጓሚው ከአፏ እየተቀበለ ተረጎመ።

ጄኔራሉ ፋይላቸውን ዘጉ። ሊሉት የሚገባቸውን አሉ፤ ውሉ ተጥሷል፣ ይህ አገር ከእንግዲህ ገለልተኛ አይደለም፣ እዚህ የሚፈረም ነገር የለም። በረንዳው ላይ ካነጋገራት ሰው ጋር አንድ ሰው አይመስሉም ነበር። ሲወጡ ልዑካናቸው ተከተሉ። ዶክተሩም ቆይተው ምን ሊያደርጉ፣ ባዶ ወንበር አያነጋግሩ፤ እሳቸውም ተነሡ። ጋዜጠኞቹ ተንጋግተው ወጡ። ረጅሙ ጠረጴዛ ከነብዕሮቹ፣ ከነውኃ ብርጭቆዎቹ ቀረ። አምባሳደሩ ቦታቸውን አልለቀቁም።

«ገቡ?» አሏት።

«ገቡ።»

«የሞቱስ?»

«አሉ። ብዙ ናቸው።»

አምባሳደሩ ጫማቸውን አዩ። አልተቆጧትም፤ ቢቆጧት በወደደች።

«ያዳንሻቸውን ዛሬ ታያቸዋለሽ» አሉ። «ያላዳንሻቸው ግን ገና አልሞቱም። ከነገ ጀምሮ ነው የሚሞቱት። እኔ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም ልጄ፤ አትጠይቂኝ።»

የተናገሩት ደረሰ። ጦርነቱ ክረምቱን ሙሉ፣ ከክረምቱም አልፎ ቀጠለ። በምዕራብ ተከበው የነበሩት ሰዎች ከተማቸው ወደቀች። እታለም ማታ ማታ ሬዲዮ ትከፍትና የወደመ መንደር ስም በተጠራ ቁጥር ፊቷ ልክ ጥፊ እንዳረፈበት ይሆናል። እናቷ «ዝጊው እንጂ ልጄ፣ ምን ያደርግልሻል?» ትላታለች፤ አትዘጋውም። መሥሪያ ቤቱ መርማሪ ጉባኤ አቁሞ ጠየቃት። አልካደችም፣ ሰበብም አልሰጠች፤ ጄኔራሉ የነገሯትን ግን ለአንድም ሰው አልተነፈሰችም። ከሥራዋ ተነሥታ የድሮ ሰነድ ክፍል ተመደበች፤ አምባሳደሩም ያለ ጊዜያቸው ጡረታ ወጡ። ጎረቤቶች ሲጣሉ መጥተው ይቀመጡበት የነበረው የሆቴሉ አዳራሽ ለሠርግ ይከራይ ጀመር። ባልደረቦቿ አንዳንዶቹ ኮሪደር ላይ ሲያገኟት እጇን አጥብቀው ይጨብጣሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ፣ የወጣትነት ዕድሜያቸውን ለዚያ ስም የሰጡት፣ ዐይኗን አያዩም። ሁለቱንም አትወቅስም ነበር።

በመጨረሻ ሁለቱ ወገኖች በሌላ አገር፣ በሌላ ሆቴል ተፈራረሙ። ጽሑፉ ከሞላ ጎደል እሷ የምታውቀው ጽሑፍ ነበር። በቴሌቪዥን አየችው፤ ጄኔራሉ ከስተዋል፣ ዶክተሩ መነጽር አድርገዋል። እናቷ የትኛው ክፉው እንደሆነ ጠየቀቻት፤ እታለም ምን እንደምትመልስ ቸገራት።

ትንሹ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ካምፑ ውስጥ ከገቡት ሰዎች ጋር፣ ምግብ እየቀነሰ፣ ውኃ እየተመዘነ ኖሯል። በር ላይ የሞቱትን ሰዎች ወታደሮቹ በካምፑ የኋላ ግንብ ጥግ ቀብረዋቸዋል። በሽቦ ላይ ከተቀበሏቸው ሕፃናት የሚበዙት እናቶቻቸውን አግኝተዋል፤ የቀሩት ሕፃናት እናቶች ግን ግንቡ ጥግ ነበሩ። በስልክ ይህን ሁሉ ነግሯት ነበር፣ አጠር አጠር አድርጎ። እሷም በልተሃል ወይ ትለዋለች፤ በልቻለሁ ይላል። ከዚያ ያለፈ አላወሩም።

እናታቸው ቤት ምሳ ተጋበዙ። ትንሹ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል፤ ጸጉሩ ጎንና ጎኑ ነጭ ሆኗል። እናታቸው ደጋግማ ትዳስሰዋለች፤ እጁን፣ ጆሮውን፣ የአንገቱን ኋላ፣ ልክ ከሆስፒታል የመጣ ልብስ ቀዳዳ እንዳለው እንደምትፈትሽ። ምሳው ሲያልቅ እሷ ጋደም አለች። ሁለቱ ወጥ ቤት ቀሩ፤ እሱ ሰሃን ያጥባል፣ እሷ ተቀብላ ታደርቃለች።

«እታለም» አለ ፊቱን ሳያዞር። «አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ካልነገርኩሽ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

«ንገረኝ።»

«የዚያን ጠዋት መጀመሪያ የደወልኩልሽ ልጠይቅሽ አልነበረም። ወስኜ ነበር። ወታደሮቼን በር ላይ አሰልፌያለሁ፣ ቁልፉ በእጄ ነው። በኋላ ከሌላ እንዳትሰሚ ብዬ፣ ከፈትኩ ልልሽ ነው የደወልኩት።»

እታለም በእጇ ያለውን ሰሃን አስቀመጠች። ያቋረጠችው ዓረፍተ ነገር ያ ነበር። ጠዋት ማለት በሩ ላይ ገና ማንም ያልሞተበት ሰዓት ነው፤ ታጣቂዎቹ ኮረብታው ላይ ገና አልወጡም ነበር።

«ታዲያ ለምን ሰማኸኝ?» አለችው።

ትንሹ ቧንቧውን ዘጋ።

«አንቺ ነሻ» አለ። «አንቺን እንቢ ብዬ አውቃለሁ?»

ቃሉ ወቀሳ አልነበረበትም፤ ልቧን የሰበረውም ይኸው ወቀሳ አለመኖሩ ነው። ይቅር በለኝ ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ግን በጣም ትንሽ ሆነባት፤ ያን ሁሉ ሰው ወክሎ ይቅር የሚል እሱ ማን ነው? ግንቡ ጥግ ያሉትን ማን ይጠይቃቸዋል? በምዕራብ ያሉትንስ? ከጠዋቱ በሩ ቢከፈት ኖሮ ፊርማው ያን ጊዜም ይቀር ነበር፤ እነዚያ ያን ጊዜም ይሞቱ ነበር። በየት በኩል ብትቆጥረው ሂሳቡ አይዘጋም።

«አላማሽ ክፉ አልነበረም» አላት። «አውቃለሁ። ግን ሌሊት ሌሊት የምሰማው የአንቺን ድምፅ ነው እታለም። የተኩሱን አይደለም። እስከ ከሰዓት ብቻ ቻለው ስትይኝ።»

ከጓዳ እናታቸው ምን እንደሚንሾካሾኩ ጠየቀች። ሁለቱም በአንድ አፍ ምንም አሉ። ትንሹ ቧንቧውን መልሶ ከፈተ፣ ሰሃን አንሥቶ ማጠብ ጀመረ። እታለም እጇን ዘረጋች። እሱ አቀበላት፤ እሷ አደረቀች። ድስቱም፣ ብርጭቆዎቹም አለቁ። የሚታጠብ ነገር ሲያልቅ ትንሹ ንጹሑን ሰሃን ከመደርደሪያው አውርዶ እንደገና ማጠብ ጀመረ፤ እሷም ጨርቋን ጨምቃ አጠገቡ ቆመች።